የቲኪንተር መስኮት «ሪፖርት» ሲጫኑት ድርቅ ይላል፤ ሎጎውም አይታይም

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦ ሰላም ናችሁ? ለአጎቴ የእህል መጋዘን መመዝገቢያ በፓይተን እየሠራሁ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ወጣ የሚል ነገር ነው። ዳታው ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) ላይ ነው፤ መስኮቱ በቲኪንተር (የፓይተን መስኮት መሥሪያ)። «የወር ሪፖርት» የሚለው ቁልፍ ሲጫን መስኮቱ ድርቅ ይልና ዊንዶውስ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ይጽፍበታል። ለታገሠው ሪፖርቱ ይወጣል፤ አጎቴ ግን ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል። «በመሥራት ላይ» የሚል ጽሑፍ ቀድሞ እንዲታይ ባደርግም የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ሎጎውም አይታይም፤ ቦታው ባዶ ነው፣ ኤረር የለም።

የመንዝ ልጅ፦ ሎጎው ቀላል ነው። ፎቶኢሜጁን (ምስሉን የሚይዘውን ነገር) ፈንክሽን ውስጥ ፈጥረኸው ይሆናል። ፈንክሽኑ ሲያልቅ ቫሪያብሉም ይጠፋል፤ ፓይተን የያዘው የለም ብሎ ምስሉን ከሜሞሪ ያጸዳዋል። ክላስ ከሆነ ሰልፍ (self) ላይ አስቀምጠው፣ ካልሆነ ሌብሉ (ምስሉን የሚያሳየው ክፍል) ላይ «ኢሜጅ» የሚል አትሪቢዩት ከፍተህ እዚያ አስረው።

ኮደሯ፣ ሸዋ ሮቢት፦ መድረቁን እኔ ልመልስ። ሜንሉፕ (መስኮቱን የሚያንቀሳቅሰው ዙር) ሁሉን በተራ ነው የሚሠራው፤ ቁልፍ መቀበሉንም፣ መስኮት መሳሉንም። ቁልፉ የጠራው ፈንክሽን እስኪመለስ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል፤ ጽሑፍህ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ከባዱን ሥራ ወደ ትሬድ (ጎን ለጎን ወደሚሄድ ሌላ የሥራ መስመር) አውጣው። ከትሬዱ ውስጥ ግን ሌብልም ሆነ ሌላ ዊጀት (የመስኮቱ ክፍል) እንዳትነካ፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ በሌላ ቀን ያለ ምክንያት ይወድቃል። ውጤቱን ኪው (በትሬዶች መካከል ዳታ የሚተላለፍበት ወረፋ) ውስጥ ጣለው፤ በዋናው ትሬድ በኩል ደግሞ በአፍተር (ፈንክሽንን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በሚጠራው) በየ100 ሚሊሰከንዱ ኪውውን የሚያይ ፈንክሽን አድርግ። ለአፍተር የምትሰጠው የፈንክሽኑን ስም ብቻ ነው። ቅንፍ ከጨመርክ ሳይጠብቅ እዚያው ይጠራዋል፣ እሱም መልሶ ራሱን ይጠራል፣ መጨረሻው የሪከርዥን ኤረር ነው።

ጠያቂ፦ እህቴ አመሰግናለሁ፣ መድረቁ ቀረ። አሁን ደግሞ ኤስኪውላይት በአንድ ትሬድ የተፈጠረ ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኝ) በሌላ ትሬድ አይሠራም ይለኛል።

ኮደሯ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ልክ ነው፣ ነባሪው ባሕሪው እንደዚያ ነው። ኮኔክሽኑን እዚያው ትሬዱ የሚያስኬደው ፈንክሽን ውስጥ ክፈት፣ ስትጨርስ ዝጋ። ክልከላውን በፓራሜትር ማጥፋት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ትሬድ በአንዴ እንዳይጽፍ መጠበቁ ያንተ ሥራ ይሆናል። አልመክርህም።

ከአንኮበር፦ ይቅርታ፣ እኔ ግን ትሬዱን አልወደድኩትም። የአንድ መጋዘን የወር ሒሳብ እንዲህ ከቆየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ነው። ፎር ሉፕ ውስጥ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሰሌክት (ዳታ የሚያወጣ ኩዌሪ) ትጠራለህ?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛና ለእያንዳንዱ እህል።

ከአንኮበር፦ እንግዲያው ሉፑን ተወውና በአንድ ሰሌክት፣ በሰም (SUM፣ ድምር) እና በግሩፕ ባይ (GROUP BY፣ በየምድቡ መክፈያ) ደምረው። የቀን ኮለሙ ላይም ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) ጨምር። ከዚያ ሪፖርቱ ዓይን ሳትጨፍን ከመጣ ትሬዱንም ኪውውንም አውጣቸው፤ ከአጎትህ ኮምፒውተር ላይ ትርፍ ኮድ የሚጠግነው ሌላ ሰው የለም። ከኤክሴል አሮጌ መዝገብ በጅምላ ስታስገባ ግን ለእያንዳንዱ መስመር ኮሚት (ለውጡን ማጽደቅ) አታድርግ፣ እያንዳንዱ ኮሚት ዲስክ ላይ እስኪጻፍ ይጠብቃል፤ በአንድ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ በሚጸድቅ የለውጥ ጥቅል) ጠቅልለው። የዕለት ሽያጩን ግን በየመዝገቡ ኮሚት አድርግ፤ መብራቱን ታውቀዋለህ።

የመንዝ ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ። ትሬዱን ካቆየኸው ግን ሥራው ሲጀምር ቁልፉን ዲሴብልድ (የማይጫን) አድርገው፣ ውጤቱ ከኪው ሲወጣ መልሰህ ኖርማል። አለዚያ አጎትህ ደጋግመው ይጫኑታል፣ በተጫኑት ቁጥር አዲስ ትሬድ ይነሣል።

ጠያቂ፦ ሰሌክቱን አንድ አደረግኩት፤ ወዲያው ነው የሚመጣው። ትሬዱን አወጣሁት፤ ሎጎውም ታየ። ለኤክሴሉ ማስገቢያ ግን ትሬዱን ልተወው ነው፣ እሱ ቢጠቀለልም ጊዜ ይወስዳል።