በኮኮ የተከልኩት ቲማቲም ፍሬው ከሥሩ እየጠቆረ ነው

ሰላም ወገን፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። በ20 ባልዲ ቲማቲም ተክያለሁ፤ አፈር የለበትም፣ የኮኮናት ቃጫ ብቻ ነው። ቃጫውን በተራ ውሃ ዘፍዝፌ ነው የተከልኩት። የማጠጣው ከቆርቆሮ ጣራ ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውሃ ነው፣ ከኤንፒኬ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ካለው) ማዳበሪያ ጋር።

መጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ እንደሆነ መሃል መሃሉ ቢጫ ሆነ። አሁን ደግሞ እንቁላል የሚያካክሉት ፍሬዎች መቀመጫቸው ጠቁሮ፣ ጎድጉዶ፣ ሲነኩት እንደ ቆዳ ደርቋል። እንደዚያ ተንከባክቤያቸው ሳይ ያሳዝናል።

የካልሲየምና የማግኒዥየም እጥረት መስሎኝ ካልሲየም ናይትሬትና ማግኒዥየም ሰልፌት ገዝቼ በአንድ ጄሪካን አወፍሬ ብበጠብጣቸው ነጭ ዝቃጭ ሆነው ከታች ቀሩ። ለየብቻ መሟሟት ነበረባቸው። ቃጫው ራሱ ካልሲየምና ማግኒዥየምን ከተክሉ አስቀርቶ ፖታሲየም እንደሚለቅ፣ ከመትከል በፊት በካልሲየም ናይትሬት መዘፍዘፍ እንደነበረበትም ዘግይቼ ነው የሰማሁት።

ተክሉ ገና እያበበ ስለሆነ መንቀል አልፈልግም። ባለበት ቃጫውን በካልሲየም ናይትሬት ውሃ አንዴ በደንብ ላጥበው፣ ወይስ ባጠጣሁ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ልጨምርለት?