ከጠላ በኋላ ግፊቷ 210 ገባ፤ የድብርት መድኃኒቷ ይሆን?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ መጥታ እኛ ጋ ናት። ለድብርት ፌነልዚን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። የመስቀል ዕለት ጎረቤት ጠርተውን ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጣች። ናፍቋት ነበር። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ማጅራቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው» አለችኝ። ላብ በላብ ሆነች። የልቧ ምት በቀሚሷ ላይ ይታይ ነበር። ክሊኒክ ስናደርሳት ግፊቷ 210 በ120! ግፊት ኖሯት አያውቅም። «የአየር ለውጥ ነው» አሉን። ምን መድኃኒት እንደምትወስድ የጠየቀ የለም። አሁን ደህና ናት፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ጠላው ይሆን?

ፋርማሲስት ከፒያሳ፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፈችልሽ! እኔም ጠላውን ነው የምጠረጥረው። የቆየና የፈላ ነገር ውስጥ ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሌላ ጊዜ አንጀትና ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ፌነልዚን ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ያግዳል። ታይራሚኑ እንዳለ ወደ ደም ያልፋል፣ ኖርአድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ያስለቅቃል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይተኮሳል። ጭንቅላት ውስጥ ደም እስከማፍሰስ ሊደርስ ይችላል። ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር የተነቃበት ቺዝ በበሉ ታካሚዎች ነው።

ጠላ፣ ድራፍት፣ የቆየ ቺዝ፣ ሳላሚ፣ ሶያ ሶስ ይቅርባት። ባቄላ እሸትም! እሱ ዶፓ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር አለው፣ በተለይ ቅርፊቱ። ሰሞኑን በየመንገዱ ስለሚሸጥ ነው አጥብቄ የምነግርሽ። የጉንፋን መድኃኒትና ትራማዶልም ሐኪም ሳትጠይቅ እንዳትወስድ። ፌነልዚኑን ግን በራሷ እንዳታቆም። ብታቆምም ኢንዛይሙ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

ሰላም ነኝ፦
እኔ አሚትሪፕቲሊን ነው የምወስደው። ክትፎ በአይብ ልተው ማለት ነው?

ፋርማሲስት ከፒያሳ፦
አይ፣ ያንቺ ሌላ ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን ይህ የታይራሚን ጣጣ የለባቸውም። እዚህ በብዛት የሚታዘዙትም እነሱ ናቸው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሊኔዞሊድ የሚወስድ ዘመድ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ እሱም ኢንዛይሙን በመጠኑ ያግዳል።

የአራት ኪሎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለእህቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። እሸቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አንስቼዋለሁ። እንጀራም የሚቦካ ስለሆነ፣ ስለ እሱ አሁን ለሐኪሟ እየጻፈች ነው። የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች፤ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ።