በደከመ የባትሪ ድንጋይ ሙዚቃ የሰማችሁ ባህርዳሮች አላችሁ?

ቀበሌ14
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጥያቄዬ የእብድ ሊመስላችሁ ይችላል ግን ልሞክረው። እኔና ጓደኛዬ ያደግነው እዚሁ ባህርዳር ነው፣ 90ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኛ አቆጣጠር። እነሱ ቤት ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበረች፣ መብራት ሲጠፋ በድንጋይ የምትሰራ፣ መብራቱ ደግሞ ሲጠፋ ይጠፋል ነው። አዲስ ድንጋይ ማን ይገዛልናል፣ የደከመውን ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን እንከተዋለን (የኔ እናት በርበሬ ያሰጣችበት ሰፌድ ላይ ድንጋይ ደርድረን የተገረፍነውን አልረሳውም)። የደከመ ድንጋይ ደግሞ ቴፑን እየጎተተ ነው የሚያዞረው፣ ዘፈኑ ይዘገያል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ሴቷ ወንድ ወንድ ትላለች። እኛ ግን ዘፈኑ እንደዛ ነው ብለን ያዝነው። ክራርም የተማርነው ከዛች ቴፕ ጋር እየቃኘን ነው።

አሁን ያንኑ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ስከፍተው ይሮጥብኛል፣ ይቀጥንብኛል፣ የሌላ ሰው ዘፈን ነው የሚመስለኝ። ባለቤቴን ነይ ስሚ ብያት "ይሄ ነው እንዴ ስታወራለት የኖርከው?" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት፣ ያንን ወፍራሙን የሚያውቅ እኔና እሱ ብቻ ነን።

እሱ ከሀገር ከወጣ ቆየ። ቴሌግራም ላይ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ደህና፣ በበዓል ደግሞ ያቺ ሁሉም ሰው የሚልካት ባለ አደይ አበባ ፎቶ፣ በቃ። ጥል የለንም፣ ወሬው ነው ያለቀው። አሁን ለጥምቀት እመጣለሁ አለኝ። እሺ ኤርፖርት ተቀበልኩት፣ ዓሣ ጋበዝኩት፣ 2016 ላይ የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አሳየሁት፣ ከዛስ ምን እናወራለን?

እና ጥያቄዬ ከጓደኛ ጋር ያደጋችሁበት ሙዚቃ ምንድነው፣ አብራችሁ ስትሰሩት የነበረውንስ ነገር ከስንት ዓመት በኋላ መልሳችሁ የጀመራችሁ አላችሁ ወይ? ክራሩ እኔ ጋ አለ፣ ክር ነው የሌለው።

ፔዳ_በር
ጤነኛ ነህ ወንድሜ አትጨነቅ 😄 ቴፕ 6 በመቶ ገደማ ከዘገየ ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ 11 በመቶ ገደማ ከሆነ አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጆሮህ አልዋሸህም፣ የያዝከው ሌላ ዘፈን ነው።

አሁን የምልህን አድርግ። ዩቲዩብ ላይ ያለችው የፍጥነት መቀነሻ አትሰራልህም፣ እሷ ዘፈኑን ታዘገየዋለች እንጂ ድምፁን አታወፍረውም። ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርድና ፍጥነቱንም ድምፁንም አብሮ የሚቀይረውን ምረጥ። ከ5 ጀምረህ እስከ 10 በመቶ ድረስ ቀስ እያልክ ቀንስ፣ ስትደርስበት ራስህ ታውቀዋለህ። ከዛ ፋይሉን ምንም ሳትጽፍ ለጓደኛህ ላክለት። ሰላም እንዴት ነህ የሚባል ነገር እንዳትጨምር፣ ዝም ብለህ ላከው።

የኔን ልንገራችሁ። እኔ ክራር የጀመርኩት ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ነው፣ እሱ ደቡብ ጎንደር እኔ ምስራቅ ጎጃም። አንድ ክራር ለሁለት ነበር የነበረን፣ እና ሁልጊዜ የሚያጣላን ምን መሰላችሁ፣ እኔ ትዝታ እየተጫወትኩ ነው እላለሁ እሱ ባቲ ነው ይላል (ሁለቱም የዜማ ቅኝት ስሞች ናቸው)። ያው ክር፣ ያው ቅኝት! ያስታረቀን አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ነው፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብሎ። ትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ምንም መቃኛ ሳይነካ ዜማውን 5ኛው ድምፅ ላይ እያሳረፍክ ከተጫወትከው ባቲ ማይነር ይሆናል። ከትዝታው ደግሞ 3ኛውንና 5ኛውን ድምፅ ግማሽ ዝቅ ስታደርግ ትዝታ ማይነር ይመጣል፣ እሱን 4ኛው ድምፅ ላይ ብታሳርፈው አምባሰል ነው። ማረፊያው ነው ሁሉን ነገር የሚቀይረው። ይሄን ካወቅን በኋላ መጣላቱ ቀረ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ስንጣላ ነበር የበለጠ የምንለማመደው። አሁን እሱ ሐዋሳ ነው፣ አንዳንዴ በድምፅ መልእክት ክራር ደርድሮ ይልክና "የት ነው ያረፍኩት?" ብሎ ይጠይቀኛል።

የሽምብጧ
እኔ መሳሪያ አልነካም፣ እኔና ጓደኛዬ ደብተር ነበር የኛ ነገር። ግጥም መጻፊያ ደብተር የነበራችሁ ሴቶች የት አላችሁ? ካሴት ከፍቶ አንድ ስንኝ ሰምቶ ማቆም፣ መጻፍ፣ መልሶ ማጠንጠን፣ ደግሞ መስማት፣ ቴፑ ካሴቱን ሲበላው በቢክ እስክሪብቶ እያዞሩ መመለስ። ያልተሰማንን ቦታ ከራሳችን እየፈጠርን እንሞላው ነበር፣ እና ዛሬም ድረስ አንዳንድ ዘፈን የማውቀው በኛ ፈጠራ ነው፣ ሰው ፊት ስዘፍን ይስቁብኛል።

ለኛ ትልቁ ነገር የጂጂ ካሴት ነበር። የጓደኛዬ እናት የቻግኒ ሰው ናቸው፣ ጂጂም ቻግኒ ተወልዳ ያደገች ናት ስለዚህ በዛ ቤት ውስጥ ስለሷ ክፉ ማውራት አይቻልም። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2001ዱ አልበሟ ሲመጣ ግን ጓደኛዬ ፊቷ ጠቆረ፣ "ይሄ ሳክስፎን ምን ያደርጋል እዚህ" አለች። እኔ ደግሞ እሱ ነው ያሳበደኝ። እዛ ላይ የተጫወቱት የታወቁት የጃዝ ሰዎች እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር፣ እነ ፋሮህ ሳንደርስ መሆናቸውን ያወቅነው ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ነው፣ ባናውቅም ግን ለሳምንታት ተከራክረንበታል። አሁን እሷ ጃዝ ብቻ ሆናለች፣ እኔ ወደ ማሲንቆ ዞሬያለሁ። ቦታ ተለዋወጥን ማለት ነው፣ ክርክሩ ግን እንዳለ ነው ተመስገን።

ለጠያቂው፣ ሲመጣ እንዲስማማህ አትጠብቅ። ሁለታችሁም አንድ ነገር ብትወዱ ምን ታወራላችሁ?

ጡረተኛው
ልጆች ስለ ካሴት ስታወሩ ሳይ እስቲ እኔም ልግባ አልኩ። እኔ ካሴት ጓደኛ አላፈራልኝም፣ እኔን ያገናኘኝ የቀበሌ ኪነት ነው፣ በደርግ ጊዜ። ልምምዱ ማታ ነበር፣ ሰዓት እላፊ ስላለ ደግሞ ከመሸብህ እስኪነጋ እዛው ነህ። ልምምዱን ጨርሰን የቀረውን ሌሊት ምን እናድርገው፣ ከመካከላችን አንዱ ማሲንቆ ያዥ ነበር፣ እሱን መሀል አስቀምጠን ተቀበል እንባባላለን። አንዱ ስንኝ ይሰጣል፣ ባለ ማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ሌላው ይመልሳል። ስንኙ ካልመታ ባለ ማሲንቆው አይቀበልህም፣ ዝም ብሎ ክሩን ይቃኛል፣ እሱ ነው ውርደቱ! በአንድ ስንኝ ስድስት ቀለም ከስድስት ቀለም መግጠም የተማርኩት እንደዛ እየተዋረድኩ ነው፣ ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።

ከኛ መካከል አንዱ አዲስ አበባ ተቀይሮ ሲሄድ የሰጠሁትን ስንኝ አልረሳውም

ጣና ዳር ተቀምጦ ውሃ የጠማው ሰው
ጓደኛው ቢርቀው ነው እንጂ ምን አነሰው

ዛሬ እናንተ ሙዚቃ ለየብቻ ጆሮ ላይ ሰክታችሁ ነው የምትሰሙት፣ አልፈርድም፣ የልጅ ልጄም እንደዛ ናት። ግን ልጄ ቀበሌ14፣ ጓደኛህ ሲመጣ አንድ ማታ አዝማሪ ቤት ውሰደው። ስንኝ ስጥበት። ዘፈን ሰምታችሁ ብቻ ተነስታችሁ እንዳትሄዱ፣ እሱም ይስጥብህ። የሚከፋውን የሚያስቀውን በወሬ የማይለውን በስንኝ ይልሃል፣ አዝማሪው ደግሞ ጮክ ብሎ ይደግመዋል ማምለጫ የለም።

ዓባይ_ማዶ
ጋሼ ስንኝዎ ልቤን ነካኝ፣ ግን ልቃወምዎት ነው ይቅርታ። እኔም ከአሜሪካ የመጣ ጓደኛዬን አዝማሪ ቤት ወስጄው ነበር፣ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ሲቀርጽ አመሸ፣ አዝማሪውም ዶላር ሸቶት እሱን ብቻ ሲያሞግስ አመሸ፣ እኔ ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ስንኝ መስጠት የለመደ ሰው ይፈልጋል።

ለኛ የሰራው ሥራ ነው። በማግስቱ የአጎቴ ጀልባ ጣራዋ ሸራ ይቀየርላት ነበርና ና ያዝልኝ አልኩት። ሸራ እየወጠርን፣ ሚስማር አቀብለኝ፣ እንደሱ አይደለም፣ ሳብ፣ ሳብ እያልን ከሰዓት በኋላ ሳናስበው የድሮው ነገር እየመጣ ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጦ "እና እንዴት ነህ" ሲባባሉ ወሬ አይመጣም፣ ቢያንስ ለወንዶች። እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። በስልኬ ደግሞ ሙዚቃ ከፍቼ ነበር ምን እንደነበር ግን አላስታውስም።

ስለዚህ ክራሩን አስቀድመህ አታሰራው!! ክር እንደሌለው አስቀምጠው፣ ሲመጣ አብራችሁ ስሩት።

ቀበሌ14
ጋሼ ስንኝዎን ደብተሬ ላይ ገልብጫለሁ፣ ይፈቅዱልኛል ብዬ ነው። አዝማሪ ቤቱን ለሁለተኛው ማታ አድርጌዋለሁ፣ መጀመሪያ ክራሩ።

@ፔዳ_በር ኦዳሲቲውን አወረድኩ፣ 7 በመቶ ላይ ሆነ! ከሶፋዬ ነው የተነሳሁት። ባለቤቴ ከማድ ቤት "ቴፑ ተበላሸ?" አለች። ላኩለት፣ ምንም ሳልጽፍ። እስካሁን አላየውም፣ እዛ ሌሊት ነው መሰለኝ።

@ዓባይ_ማዶ ሀሳብህ ተመችቶኛል፣ አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ድሮ እኛ ክር የምናደርገው ከዓሣ አጥማጆች የተረፈ ናይለን ነበር፣ ጣና ዳር ማሪን አካባቢ ለምነን። አሁን ለክራር ተብሎ የሚሸጠው ነው የሚሻለው ወይስ ያው የማጥመጃው ናይለን ይሰራል?

ዓባይ_ማዶ
የማጥመጃው ይሰራል፣ እኔ አሁንም እሱን ነው የማደርገው። ከመረብ የተፈታውን ግን እንዳትወስድ፣ ቀጭን ነው፣ ፀሐይም በልቶት ስለሚሆን ስትወጥረው ይበጠሳል (ያ መረብ በነገራችን ላይ ጣናን እየጨረሰው ነው፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን)። የመንጠቆውን ወፍራሙን ግዛ፣ ለወፍራም ድምፆቹ ወፈር ያለ ለቀጫጭኖቹ ሳሳ ያለ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ይኑርህ። አዲስ ናይለን ደግሞ መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ቃኝተኸው ዞር ስትል ወርዶ ታገኘዋለህ፣ ሁለት ሦስት ቀን ደጋግመህ ካልቃኘኸው አይረጋም። ስለዚህ የመጣ ዕለት ጀምሩት።