ኪቱ ሁለቴ «ወባ የለም» አለ፣ ወንድሜ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ምን ላድርግ? (ድሬዳዋ)

የገንደ ቆሬዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ በዚህ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ተኛ። ማታ ትኩሳቱ 39.4 ገባ። ከዚያ ላብ በላብ ሆነና ጠዋት ደህና መስሎ ተነሳ። ቅዳሜም ያው ነገር።

አርብ ዕለት ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወስጄው ነበር። ጣቱን ወጉት፣ በዚያች ትንሽ ነጭ ኪት አዩት፣ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። «ወባ የለም» አሉን። ዊዳል በሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ግን «ታይፎይድ አለበት» ተባለና ሲፕሮ የሚባል ፀረ ባክቴሪያና ዳይክሎፌናክ የሚባል የማስታገሻ መርፌ ታዘዘለት። እሑድ ሌላ ቦታ ሄድን፣ ያው ኪት፣ ያው አንድ መስመር። ዛሬ ሰኞ ነው። ሲፕሮው ምንም አልፈየደም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝቶ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

የአጎቴ ልጅ «ኪት የማያየው ወባ ድሬ ገብቷል፣ ጥናትም ወጥቷል» ይለኛል። እውነት ነው? ከሆነስ በምን ይታወቃል? ደግሞ እኛ ሰፈር ረግረግ የለም፣ ዝናብም ከጠፋ ቆይቷል። ወባ ከየት ይመጣል? የምታውቁ እባካችሁ።

የማይክሮስኮፕ ሰው (ላቦራቶሪ፣ ድሬዳዋ)

እህቴ፣ አላህ ይማርልሽ። ዋናውን ቀድሜ ልንገርሽ፦ ዛሬውኑ ማይክሮስኮፕ ያለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰጂውና «ብለድ ፊልም ይሰራለት» በያቸው። ደሙ ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተደርጎበት በዓይን የሚታየው ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ንጹህ ቢሆን እንኳ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም። የወባው ጥገኛ ተሕዋስ ደም ውስጥ ጥቂት ከሆነ አንድ ስላይድ ሊያመልጥ ይችላል።

የአጎትሽ ልጅ ያለው እውነት ነው። የተለመደው ኪት የሚፈልገው ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የሚያመርተውን አንድ ፕሮቲን ነው፣ ኤች አር ፒ 2 ይባላል። ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን ከጥገኛው ላይ ከጠፋ ደሙ ውስጥ ሞልቶም ኪቱ ላያየው ይችላል። ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው ፔሩ ውስጥ ነው። ኋላ ኤርትራ ታየ፣ ከዚያ እኛ ጋ። በፈረንጆቹ 2021 በታተመ ጥናት አማራ፣ ትግራይና ጋምቤላ ውስጥ ከ12,000 በላይ ሰው ተመርምሮ፣ ይህ ኪት ከ100 የፋልሲፓረም ታማሚ ወደ 10 የሚጠጋውን እንደሚስት ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት «ኪት ቀይሩ» የሚለው ከ100 5 ሲያልፍ ነው። ለዚህ ነው ሌላ ፕሮቲን የሚፈልጉ ኪቶች የመጡት። ኪቶቹ ግን በመልክ አንድ ናቸው። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሳጥኑን ማንበብ ነው።

ስለ ዊዳል ደግሞ ልበል፣ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ነገር ስለሆነ። ዊዳል ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። ድሮ ታይፎይድ ታሞ የዳነ ሰውም፣ አሁን ወባ የያዘውም ሰው ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ስንቱ ሰው «ታይፎይድ» እየተባለ ወባውን ይዞ ሳምንት ይቆያል።

መድኃኒት ቤት ነኝ (ሐረር፣ ሸንኮር)

በላይኛው መልስ ላይ ልጨምር። ዳይክሎፌናኩን ይቅርበት። ድሬ ላይ ደንጌ የሚባል ሌላ የቢምቢ በሽታ አለ፣ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምናውቀው ነው። ደንጌ ከሆነ ደግሞ ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን መድማት ሊያባብሱ ይችላሉ። እስኪለይለት ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ፣ ፈሳሽ በደንብ ይጠጣ። ብለድ ፊልሙ ንጹህ ከወጣ ስለ ደንጌ ጠይቂ።

ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ከመንገድ ገዝተሽ በግምት እንዳትሰጪው። ይህን የምለው በየቀኑ «አንድ ፍሬ ኮአርተም ስጠኝ» የሚል ሰው ስለሚመጣብኝ ነው። የወባው ዓይነት ሳይታወቅ መድኃኒቱ አይመረጥም።

ደግሞ ስሚኝ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ከተቃዠ፣ ያንቀጠቀጠው ነገር ራስ እስከ ማሳት ከደረሰ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ቀና ብሎ መቀመጥ ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። ያኔ የሚሰጠው በክንድ የሚገባ አርቴሱኔት የሚባል የወባ መድኃኒት ነው፣ በሰዓታት ውስጥ።

የሳቢያን አባት

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማረው። «ረግረግ የለም» ላልሽው እኔ ልመልስ፣ በቤቴ የደረሰ ነገር ስለሆነ።

በ2014 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት ድሬዳዋ ላይ ከ2,400 በላይ ሰው በወባ ታመመ። በፈረንጆቹ 2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 205 ነበር። ያውም በበጋ! ከኔ ቤት ሦስት ሰው ተኛ። እኛም ያኔ እንዳንቺ «ዝናብ ሳይዘንብ ወባ?» ስንል ነበር። በኋላ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሰዎች፣ በዶ/ር ፍጹም ግርማ ታደሰ የሚመራው ቡድን፣ መጥተው ቤት ለቤት እየዞሩ አጠኑ። የታመመ ሰው ያለበትን ቤትና ጎረቤቱን መረመሩ፣ በአካባቢው የተያዘችውን ቢምቢም ለዩ። ውጤቱ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር ሜዲሲን በሚባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ተጠያቂዋ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ቢምቢ ናት። መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። ጅቡቲ ውስጥ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ታየች፣ እኛ አገር ደግሞ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ጅቡቲ በዚያው በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወባ ታማሚዋ 27 ብቻ ነበር፣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከ73,000 አለፈ።

ይቺ ቢምቢ ረግረግ አትፈልግም ልጄ። የምትፈልገው በርሜል ነው። ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ፣ ክዳን የሌለው ባልዲ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም እናጠራቅማለን። የሷ ማሳደጊያ ያ ነው። በርሜልሽን በባትሪ እዪው።

የገንደ ቆሬዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማታውኑ ወሰድኩት። ላቦራቶሪው መስኮት ጋ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ልጅቷ ስላይዱን አይታ ሌላ ሰው ጠርታ አሳየች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ «ፋልሲፓረም» ብላ ጻፈች። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቢያንስ ታወቀ።

24 ፍሬ ኮአርተም ሰጡት፣ አራት አራት። አንድ ፕሪማኪን ደግሞ እዚያው አስዋጡት። አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያውን ኮአርተም ውጦ 20 ደቂቃ ሳይሞላ አስመለሰው፣ ምን ይደረግ? ደግሞ «ድሬ ያለው ወባ መድኃኒት ለምዷል» የሚሉ አሉ። ልቤ አላረፈም።

መድኃኒት ቤት ነኝ (ሐረር፣ ሸንኮር)

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያንኑ አራት ፍሬ ይድገመው። ስለዚህ አራት ፍሬ ይጎድልብሻልና ነገ ጠዋት ወስደሽ አስሞዪ። ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ በጠቅላላ ስድስት ጊዜ። በባዶ ሆድ አይሆንም! ኮአርተም ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው። ምግብ ካስጠላው አንድ ብርጭቆ ወተት፣ የግመልም ይሁን የላም፣ ወይም ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ደህና ሆንኩ ብሎ ሁለተኛው ቀን ላይ እንዳያቆም፣ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ያቺ አንድ ፕሪማኪን ለሱ ማዳኛ አይደለችም። ቢምቢ ከሱ ነክሳ ወደ ሌላ ሰው የምትወስደውን የጥገኛ ዓይነት ነው የምትገድለው። ለናንተ ለቤተሰቦቹ ናት ማለት ነው።

ባዮሎጂ አስተማሪ (ሐረር)

የመላመዱን ነገር ላስረዳሽ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼም በጣም ይጠይቁኛል። የሳቢያኑ ጋሼ በጠቀሱት ጥናት ጥገኛው ላይ ሁለት ነገር አብሮ ተገኝቷል፦ ከኪት የመሰወሩ ምልክትና አርቴሚሲኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት የመቋቋም ምልክት። ሁለተኛው ኬልች 13 በሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ ነው፣ አር 622 አይ ይሉታል። ጂኑ ላይ አንዲት ፊደል ተቀየረች እንደማለት ነው። ያቺ ለውጥ ያለችበት ጥገኛ ገና ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ሲገባ፣ ቀለበት መስሎ በሚታይበት ዕድሜው፣ አርቴሚሲኒንን ተደብቆ ያሳልፋል። ስለዚህ ከደም የሚጠፋው ቀስ ብሎ ነው።

ቀስ ብሎ ይጠፋል ማለት ግን አይጠፋም ማለት አይደለም። ኮአርተም ሁለት መድኃኒት ነው፣ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን። አርቴሜተሩ፣ የአርቴሚሲኒን ወገን የሆነው፣ በፍጥነት አብዛኛውን ይጠርጋል፣ ሉሜፋንትሪኑ ደም ውስጥ ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። ስድስቱን ጨርሶ ከወሰደ የመዳን ዕድሉ ትልቅ ነው። አንቺ ማድረግ ያለብሽ ሦስተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱን ለክተሽ፣ ካለ ወይም ከተመለሰ ለስላይድ መመለስ ነው። ሲጨርስም ትኩሳት ከሌለ ጥሩ፣ በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ከተመለሰበት ግን «አዲስ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት፣ በፊት ታክሞ እንደነበር ንገሩ።

ከዚራ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ ወባ በየሁለት ወሩ ይመለስብኛል። ወረቀቱ «ቫይቫክስ» ነው የሚለው። ክሎሮኪን እወስዳለሁ፣ እድናለሁ፣ ደግሞ ይመጣል። ባለፈው የ14 ቀን ኪኒን ሰጥተውኝ አምስተኛው ቀን ላይ አቆምኩ፣ ደም ይጎዳል ስለተባልኩ። ልክ ነኝ?

የማይክሮስኮፕ ሰው (ላቦራቶሪ፣ ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ ያንተ ከልጁ ይለያል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ዘር አለው። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ ጉበት ያለውን አይነካም። ከወራት በኋላ ይነቃና ቢምቢ ሳትነክስህ ትታመማለህ። የተኛውን የሚነቅለው ያ የ14 ቀን ፕሪማኪን ነው። አምስት ቀን ወስደህ ስታቆም ሥሩ ቀረ።

«ደም ይጎዳል» ያሉህም ከመሬት ተነስተው አይደለም። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። ፕሪማኪን ሲወስዱ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይሰባበራል። ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ እኛ ያለን ኤክስ አንድ ብቻ ነውና። ስለዚህ ዝም ብለህ አትጀምር፣ ዝም ብለህም አትተው። ሐኪሙን የጂ ሲክስ ፒ ዲ ምርመራ ጠይቀው። አሁን ከጣት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ቁጥሩን የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ አለ። እጥረት ካለብህ በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት የሚሰጥበት መንገድ አለ፣ ግን በሐኪም ክትትል ብቻ። በምትወስድበት ጊዜ ሽንትህ ከጠቆረ ወይም ዓይንህ ቢጫ ከሆነ ወዲያው አቁመህ ሂድ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ታፌኖኪን የሚባል መድኃኒት በ2018 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ፈቅዳዋለች፣ እሱ ግን ያለ ምርመራ ፈጽሞ አይሰጥም፣ አንዴ ከተዋጠ ማቆም የለማ።

ለነፍሰ ጡር ፕሪማኪን አይሰጥም። ይህን የሚያነብ ባል ለሚስቱ ከራሱ ኪኒን እንዳያካፍል።

የገንደ ቆሬዋ

ዛሬ አራተኛው ቀን ነው። ትኩሳቱ 36.8። ማታ «ፉል አምጪልኝ» አለ፣ እናቴ ሰምታ አለቀሰች። ስድስተኛውን ዛሬ ጠዋት ጨርሷል።

የሳቢያኑ ጋሼ፣ እንዳሉኝ በርሜሉን በስልኬ ባትሪ አየሁት። ደጅ ከቆመው ከሰማያዊው በርሜል በጠርሙስ ቀድቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት። የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ቀጫጭን ትሎች ውሃው ፊት ላይ ልክ ተኝተው እንደሚንሳፈፉ ሆነው አየሁ፣ ስነካው ወደ ታች ይሸሻሉ። ሌሎች ደግሞ ጭንቅላታቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላሉ። በዚያ ውሃ እኮ ሳህን እናጥባለን። ምን ላድርገው?

ባዮሎጂ አስተማሪ (ሐረር)

ልክ ተኝተው የሚንሳፈፉት አኖፌለስ ናቸው፣ የወባዋ ወገን። የተዘቀዘቁት የደንጌና የቺኩንጉንያዋ ሊሆኑ ይችላሉ። ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ድፊው፣ ቦይ ውስጥ አይሁን። ከዚያ ውስጡን ዙሪያውን በብሩሽ ፈግፍጊው፣ የደንጌዋ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይቀራል። በየሳምንቱ ካደረግሽው ትሉ ክንፍ ሳያወጣ ታጠፊዋለሽ።

የሳቢያን አባት

ክዳን ከሌለው ወፍራም ነጠላ ወይም አሮጌ አጎበር ሁለት እጥፍ አድርገሽ አልብሺው፣ ዙሪያውን የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠሽ እሰሪበት። ከመነዳሪ ከገመድ ይሻላል፣ ክፍተት አይተውም። ሮቶ ካላችሁ የአየር መውጫዋን ቀዳዳም እንዳትረሺ፣ እኔ ቤት የረሳነው እሷን ነበር። የጎረቤትሽን በርሜልም አብረሽ እዪላቸው።

የገንደ ቆሬዋ

ከመነዳሪ ነገ መጋላ ወርጄ እገዛለሁ። ጎረቤታችን እማማ ሦስት በርሜል አላቸው፣ ሁለቱ ክፍት ናቸው፣ የሳቸውንም ለክቼ መጣሁ።