የመስታወቱ የፀሐይ ማመንጫ ለሸዋ ሮቢት ያዋጣል ወይ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። ሞሮኮ ዋርዛዛት አጠገብ ፀሐይን በመስታወት እየሰበሰበ ከመሸ በኋላም መብራት የሚሰጥ ማመንጫ እንዳለ አንብቤአለሁ። ጣሪያ ላይ ከምንተክለው ሶላር በምን ይለያል? ዋጋውስ? እኛ ዘንድ ብርዱ ስለሚያይል፣ ሙቀቱ በታወቀው በሸዋ ሮቢት ቆላ ቢተከል አያዋጣም ወይ?

መልስ 1፦
ሶላር ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ይህኛው ግን በብርሃኑ ሙቀት ውሃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። በዋርዛዛት የዚህ የመስታወት ዘዴ ሁለት ዓይነት አለ፤ በአንደኛው እንደ ቦይ የጎበጡ መስታወቶች በቱቦ የሚያልፍ ዘይትን እስከ 390 ዲግሪ ገደማ ያሞቃሉ፣ በሌላኛው ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ መስታወቶች ፀሐይዋን እየተከተሉ ብርሃኑን ወደ አንድ ማማ ጫፍ ይመልሳሉ። በማማው የሚያልፈው የቀለጠ ጨው (የወጥ ጨው አይደለም፤ የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ነው) እስከ 565 ዲግሪ ግሎ በታንከር ይጠራቀማል፤ ማታ እንፋሎት የሚያፈላውም እሱ ነው።

የአየሩን ሙቀት በተመለከተ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግምትዎ የተገለበጠ ይመስለኛል። መስታወት አንድ ቦታ ላይ ሊያነጣጥር የሚችለው በቀጥታ የሚመጣውን ጨረር ብቻ ስለሆነ፣ ቁም ነገሩ የሰማዩ ጥራት እንጂ የቦታው ቆላነት አይደለም፤ የደብረ ብርሃን የኅዳር ሰማይ በብርዱ ምክንያት የሚጎድልበት ነገር የለም። ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሶላር በደመና ውስጥም ጥቂት ያመነጫል፣ መስታወቱ ግን ሥራ ይፈታል።

መልስ 2፦
ዋጋውን ልጨምር። የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ ስሌት እንደሚያሳየው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ ኪሎዋት ሰዓት በመስታወቱ ዘዴ በአማካይ ወደ 39 የአሜሪካ ሳንቲም ይፈጅ ነበር፤ በ2023 ወደ 12 ወርዷል፣ ይሁን እንጂ የትልልቅ ሶላር ጣቢያዎች በዚያው ዓመት 4.4 ገደማ ነው። በካሊፎርኒያ ኢቫንፓ የተሠራው 392 ሜጋዋት ማመንጫ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ የጨው ማጠራቀሚያ እንኳ የለውም። ብልጫው ለማታ ማቆየቱ ነው ካልን ደግሞ፣ እኛ አብዛኛውን ኃይል የምናገኘው ከግድብ ነው፤ ቀን በሶላር ተጠቅመን ውሃውን ለማታ ማቆየት እየቻልን፣ ለጋለ ጨው ያን ያህል የምንከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ለእንፋሎቱና ለመስታወት ማጠቢያው የሚሆነው ውሃስ?

መልስ 1፦
ብዙ ውሃ የሚወስደው እንፋሎቱን ማቀዝቀዙ ነው። በአየር ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ነገር ግን አየሩ በሞቀ ቁጥር ምርቱ ስለሚቀንስ፣ በዚህም ረገድ ከቆላው ይልቅ ደጋው ይሻላል።