ብሪክስ ከገባን የጃዊ ሰሊጥ ቻይና ያለ ቀረጥ ይገባል?

ጥያቄ (ቡሬ)
ከጃዊ የተሰበሰበ ሰሊጥ ለቻይና ገዥ ልንልክ ነው። ኢትዮጵያ የብሪክስ (ቻይናም ያለችበት የአገሮች ስብስብ) አባል ስለሆነች ቀረጥ ቀርቷል ይባላል። እውነት ነው? ክፍያውን በቻይና ገንዘብ በዩዋን መቀበልስ ያዋጣል?

መልስ (ደብረ ማርቆስ)
ሁለቱ አይገናኙም። ብሪክስ የቀረጥ ስምምነት የለውም። ቀረጡን ያነሣችው ቻይና ራሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 2023 ጀምሮ ለ98 በመቶ የኢትዮጵያ ሸቀጦች፣ ከዲሴምበር 2024 ወዲህ ደግሞ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ላላት በኢኮኖሚ እጅግ ላላደጉ አገሮች ሁሉ ለ100 በመቶው። በድርድር የተገኘ ስላልሆነ በፈቃዷ የሰጠችውን በፈቃዷ ልታነሣው ትችላለች።

ቀረጡን የሚከፍለው ደግሞ ገዥው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። የሰሊጥ መደበኛ ቀረጥ 10 በመቶ ነው። በ20 ጫማ ኮንቴይነር 190 ኩንታል ጭናችሁ ቶኑ 1,500 ዶላር ቢሆን ገዥው 2,850 ዶላር ይተርፈዋል። ዋጋ ስትነጋገሩ ይህን ካላነሣችሁ ጥቅሙ እዚያው ይቀራል።

መልስ (ባሕር ዳር)
ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በወረቀት ነው። ለቻይና የቀረጥ ነፃ መብት የሚያገለግለውን የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት (ሰሊጡ የኢትዮጵያ ምርት መሆኑን የሚያረጋግጥ) ጭነቱ ሳይወጣ አስወጡ። ክብደቱ፣ የሸቀጥ ኮዱና የገዥው ስም ከኢንቮይሱ ጋር አንድ ይሁን። በጅቡቲ ማለፉ ችግር የለውም፤ ዱባይ ወርዶ ከጉምሩክ ቁጥጥር ውጭ እንደገና ከታሸገ ግን መብቱ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የቅባት እህል አዘጋጆችና መጋዘኖች በቻይና ጉምሩክ መመዝገብ አለባቸው፤ የምዝገባ ቁጥሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

እርጥበቱ ከ6 በመቶ አይብለጥ። ኮንቴይነሩ በባሕር ላይ ያልባል፤ ላቡ ጆንያው ላይ ሲንጠባጠብ ሰሊጡ ይሻግታል፣ የዘይቱ አሲድነትም ይጨምራል። ግድግዳውን በወፍራም ወረቀት አልብሱ፣ እርጥበት መጣጭ ስቀሉ።

መልስ (እንጅባራ)
ስለ ዩዋኑ፦ ከቻይና ማበጠሪያ ማሽን ወይም መለዋወጫ የምታስመጡ ከሆነ ያዋጣል፤ ሁለት ጊዜ ከመመንዘር ትድናላችሁ። የምታስመጡት ከሌለ ዶላር ይሻላል፤ የመርከብ ኪራዩም የሚከፈለው በዶላር ነው። ባንካችሁ በዩዋን ሌተር ኦፍ ክሬዲት (የገዥው ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እንደሚቀበል ውል ሳትፈርሙ ጠይቁ፤ ዋጋው በዶላር ተቆርጦ በዩዋን የሚከፈል ከሆነም ምንዛሪው በየትኛው ቀን እንደሚታሰብ ውሉ ላይ ይጻፍ።