ውሻዬ ከብልቱ ደም ይንጠባጠባል፤ ካንሰር ይሆን?

ጥያቄ፦ በግ አርቢው (መንዝ ጌራ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። በግ አረባለሁ። መቻል የሚባል ውሻ አለኝ፤ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል፣ ማታ በረቱ አፍ ላይ ያድራል። ጅብም ሆነ ቀበሮ እሱ ካለ ጠጋ አይልም።

ከፋሲካ ወዲህ ከብልቱ ደም ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ሲጣላ የቆሰለ መስሎኝ ነበር። ይልሰዋል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ሰሞኑን ቆዳውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ ሳየው ከሥሩ ቀይ እባጭ አለ። አበባ ጎመን ይመስላል፣ ሲነካ ወዲያው ይደማል። ምግብ ግን ይበላል፣ ሽንቱንም ይሸናል።

አንዱ ጎረቤቴ «ነቀርሳ ነው፣ ወደ ልጆቹና ወደ በጎቹ ሳይዛመት በመርዝ ገላግለው» ይለኛል። ሌላው በጋለ ብረት ተኩሰው አለኝ። ካንሰር ነው? ወደ ሰውና ወደ በግ ይተላለፋል? ይድናል? ደግሞ ውጭ አገር ለውሻ ካንሰር ክትባት ተሠራ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።


መልስ፦ የከብት ሐኪም (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ መርዙንም ብረቱንም አስቀምጥ። ሳላየው መፍረድ አልችልም። ከገለጻህ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እኛ በአጭሩ ቲቪቲ የምንለው ዕጢ ነው። አዎ፣ ካንሰር ነው። ግን ከካንሰሮች ሁሉ በደንብ ከሚድኑት አንዱ ነው።

በሌላው ካንሰር የራሱ የእንስሳው ሴል ነው ከሥርዓት ወጥቶ የሚባዛው። በዚህኛው ግን ሴሉ የመቻል አይደለም፤ ከሌላ ውሻ የመጣ ነው። ሲገናኙ፣ ሲላላሱ፣ ሲሸታተቱ የካንሰሩ ሴል ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገርና እዚያ ይበቅላል። ቫይረስም ባክቴሪያም የለበትም። ስለዚህ ብልት ላይ ብቻ ሳይሆን አፍንጫ፣ አፍ፣ ዓይን ላይም ይወጣል። ከተገናኘ በኋላ እባጩ እስኪታይ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል፤ ከየትኛዋ ውሻ እንደያዘው ለማወቅ አትድከም።

ወደ ሰው አይተላለፍም። ወደ በግም አይተላለፍም። ልጆችህን የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታ። መቻል ተከትቧል? ካልተከተበ በዚሁ አጋጣሚ ነገሩን ለሐኪሙ አንሳው።

ደም የሚያንጠባጥበው ሁሉ ቲቪቲ አይደለም። የፊኛ ኢንፌክሽን፣ የፕሮስቴት እብጠት፣ ተራ ቁስልም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከእባጩ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ፣ መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ቀላል ምርመራ ነው፤ ማደንዘዣ እንኳ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት (ኬሞ) ነው። በደም ሥር፣ በሳምንት አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል። በዚህ መንገድ ከታከሙ ውሾች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በቀዶ ሕክምና ብቻ ከተቆረጠ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።


መልስ፦ የአንኮበር ልጅ

የእኛም ውሻ እንዲሁ ነበር፣ አፍንጫው ላይ። ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነስር ነበረው። አባቴ አልቅት ገብቶበት ነው ብሎ የትንባሆ ውኃ አፍስሶበት ነበር። ምንም አልሠራም። በኋላ አንድ ሐኪም አይቶ ያንኑ መርፌ አዘዘለት። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ እባጩ ሲሟሽሽ ዓይኔ እያየ ነው። አሁን ደህና ነው፤ እንዲያውም ጠበኛ ሆኗል።

አንድ ምክር ልስጥህ። በመርፌው ማግስት ምግብ ሊጠላ ይችላል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። አትደንግጥ። የኛ አጥሚት ሲሰጠው ነበር የሚጠጣው።


መልስ፦ ዝም ብዬ ነው የማነበው

አትቀየሙኝና፣ ሰው ለኬሞ ወረፋ በሚጠብቅበት አገር ለውሻ ኬሞ? ቡችላ እኮ በነፃ ነው የሚገኘው።


መልስ፦ የአንኮበር ልጅ

ቡችላ በነፃ ይገኛል። በረት ጠባቂ ግን በነፃ አይገኝም። ጅብ ለይቶ የሚጮህ፣ ጠቦት የማይነክስ፣ እረኛውን የሚሰማ ውሻ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ መንዝ ያለ ሰው ጠይቅ። አንድ ሌሊት ጅብ የሚጨርሰውን በግ ደግሞ አንተው ደምረው።

ደግሞም መድኃኒቱ ከሰው አፍ የተነጠቀ አይደለም። የቆየ መድኃኒት ነው፣ ለውሻ የሚሄደው መጠንም ትንሽ ነው።


መልስ፦ ጓሳ ጥግ

ስለ መርዙ እኔ አንድ ነገር ልበል። ውሻ በመርዝ ሲሞት ሥጋውን የሚበላው ሁሉ ይከተለዋል፦ ጥንብ አንሳው፣ ጭላቱ፣ የጎረቤት ውሻ። እኛ ጓሳ አካባቢ ያለን ሰዎች ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለብን። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ነው፤ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ተሻግሮ ብዙ ቀበሮ እንደፈጀ ይታወቃል። ስለዚህ ውሻህን ማስከተብ ለራስህም ለቀበሮውም ነው። ይህ ከጥያቄህ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ክትባት ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።


ተጨማሪ ጥያቄ፦ እናት (ሸዋ ሮቢት)

እኔ ያለችኝ ሴት ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወልዳለች። የኋለኛው ጡቷ ሥር ሽንብራ የምታህል ጠጣር ነገር ነበረች፤ አሁን እንቁላል አክላለች። አትደማም፣ አያማትም። ይሄም ያው በሽታ ነው? በመርፌው ይድናል?


መልስ፦ የከብት ሐኪም (ደብረ ብርሃን)

እትዬ፣ ይሄ ሌላ ነው። ቪንክሪስቲኑን ለዚህ አያስቡት። የጡት ዕጢ ሴት ውሾች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ግማሽ ያህሉ አደገኛ አይደለም፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ካንሰር ነው። በእጅ ዳስሶ መለየት አይቻልም። ሕክምናው ቆርጦ ማውጣት ነው፤ የወጣውም ተመርምሮ ምንነቱ ይታወቃል።

ከሽንብራ እስከ እንቁላል ካደገ መጠበቅ ጥሩ አይደለም። ዕጢው 3 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከወጣ የመዳን ዕድሏ በጣም የተሻለ ነው። ከመቆረጡ በፊት ሳንባዋ በራጅ ቢታይ ይመረጣል፤ ካንሰር ከሆነ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ለእርስዎ የምመክረው ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። አስቀድመው ይደውሉ።

ስለ መከላከል ከጠየቃችሁኝ፣ የጡት ዕጢ ላይ ትልቁ መከላከያ ማምከን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ውሻዋ የመጀመሪያውን ወንድ የመፈለጊያ ጊዜዋን ሳታይ ከመከነች፣ ካልመከነች ውሻ ጋር ሲወዳደር በካንሰሩ የመያዝ ዕድሏ 0.5 በመቶ ብቻ ነው ይላል። አንዴ ካየች በኋላ 8 በመቶ፣ ሁለቴና ከዚያ በላይ ካየች 26 በመቶ። ኋላ ላይ ቁጥሮቹን የመረመሩ ሰዎች ማስረጃው የሚባለውን ያህል ጠንካራ አይደለም ብለዋል። እኔም ቁጥሩን እንደ ወንጌል አልይዘውም። ግን ቡችላ መሸጥ ለማትፈልጉ ሰዎች ማምከን ይጠቅማል ባይ ነኝ። ውሻዋ ካልተገናኘች በቲቪቲም የመያዝ ዕድሏ ይቀንሳል።

ወንዱን ማኮላሸት ቲቪቲን አያድንም። ሴት ፍለጋ እየዞረ እንዳያመጣው ግን ይረዳል። በነገራችን ላይ፣ አንዱ ቆለጥ ሳይወርድ ሆዱ ውስጥ የቀረ ውሻ ካላችሁ ያንን አስወጡለት፤ የቀረው ቆለጥ ወደ ዕጢ የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።


መልስ፦ ከደብረ ሲና (ዴንቨር)

ስለ ክትባቱ የሰማኸው መሠረት አለው፤ ግን ተጋኖ ነው የደረሰህ። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሙሉ ፈቃድ ያገኘ አንድ ክትባት አለ። እሱ ግን ሜላኖማ የሚባለው የአፍ ካንሰር ቀድሞ ለያዛቸው ውሾች የሚሰጥ ሕክምና ነው። ጤነኛ ውሻን ካንሰር እንዳይዘው የሚያደርግ አይደለም። እንደዚያ ዓይነቱን የሚሞክር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ተጀምሮ 800 ያህል ጤነኛ ውሾች ገብተውበታል፤ ከቦታዎቹ አንዱ እዚሁ እኛ ጋ ያለው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ገበያ ላይ ወጥቶ «ይሄን ውጋልኝ» የምትለው ነገር ግን የለም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ ጥናት ከ3,000 በላይ ጎልደን ሪትሪቨር ውሾችን ዕድሜ ልካቸውን ይከታተላል። የሚበሉት፣ የሚተኙበት፣ ሣር ላይ የሚረጨው ሳይቀር ይመዘገባል። ካንሰሩ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ነው። የውሻ ካንሰር የመጀመሪያው በራሱ ስም የተፈቀደ መድኃኒት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ለቆዳ ካንሰር ዓይነት የሚዋጥ ኪኒን።

የእኛ ጎልደን ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ይዞት ነበር። በኬሞ ዕድሜው ረዘመ እንጂ አልዳነም። ወጪውን ባልነግራችሁ ይሻላል። ለዚህ ነው የመቻልን ነገር ሳነብ የቀናሁት፤ ከካንሰር ሁሉ የሚድነው እሱን ያዘው።


መልስ፦ የከብት ሐኪም (ደብረ ብርሃን)

ዴንቨር እንዳለው ነው። በቲቪቲ ላይ የተሠራውም ጥናት ደስ ይላል። ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ኖቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1876 ይህን ዕጢ ከአንድ ውሻ ወደ ሌላ አዛውሮ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ተመራማሪዎች ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ 546 ዕጢዎችን ዘረ መል አነጻጽረው፣ ሁሉም እስያ ውስጥ ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት ከኖረ አንድ ውሻ የወረዱ መሆናቸውን አገኙ። ያ ውሻ ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈው ሴሎቹ ግን ዛሬም ይዞራሉ። ምናልባት መቻል ላይም።


ጥያቄ፦ በግ አርቢው (መንዝ ጌራ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መርዙ ቀርቷል። ዶክተር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ በየሳምንቱ ደብረ ብርሃን ማመላለስ ይከብደኛል፤ አውቶቡስ ውሻ አይጭንም። ሁለተኛ፣ ይሄ መድኃኒት ከአበባ ነው የሚሠራው የሚል ነገር አይቻለሁ። አበባውን አፍልቶ ማጠጣት አይቻልም?


መልስ፦ የከብት ሐኪም (ደብረ ብርሃን)

ከሁለተኛው ልጀምር። እውነት ነው፣ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተገኘው ከማዳጋስካር ከመጣ ሮዝ አበባ ካለው ተክል ነው፤ በቆላ ከተሞች ግቢ ውስጥም ለጌጥ ይተከላል። ነገር ግን ተክሉ መርዛማ ነው፣ በውስጡ ያለው የመድኃኒት መጠን እጅግ ትንሽ ነው፣ ስንት እንደሆነም በማፍላት አይታወቅም። አታፍላ። እባጩ ላይም ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም ሌላ ነገር እንዳትቀባ። በንጹሕ ውኃ ጨው ጨምረህ ማጠብ ይበቃል።

ስለ መንገዱ፣ የመጀመሪያ ቀን አንዴ አምጣው። ናሙናው ይታይና በሽታው ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ ያለውን መርፌ የወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ባለሙያ ሊሰጠው ይችል እንደሆነ እኔው ደውዬ አነጋግረዋለሁ። እሱን ስትለምነው ግን ይህን አስረዳው፦ መድኃኒቱ የግድ ደም ሥር ውስጥ መግባት አለበት። ጠብታ እንኳ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ሥጋውን ያነድደዋል፤ እግሩ ላይ ክፉ ቁስል ያመጣል። ስለዚህ ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ገብቶ፣ መጀመሪያ በግሉኮስ ወይም በሳላይን ተፈትሾ ነው የሚሰጠው። ጡንቻ ላይ እወጋዋለሁ የሚል ሰው ካጋጠመህ ውሻህን ይዘህ ተመለስ።

መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን ያወርዳል። ከተቻለ ከየመርፌው በፊት ደሙ ይታይ። ትኩሳት ካመጣ ወይም ጨርሶ ከደከመ የሚቀጥለው መርፌ ይዘገያል። የሚወጋው ሰው ጓንት ያድርግ። ከመርፌው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በባዶ እጅ አትንኩ። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ከዚህ ሥራ ትራቅ። እባጩ እስኪጠፋ ድረስ ደግሞ እሰረው፤ ከሌላ ውሻ ጋር እንዳይገናኝ። ይሄ ለሰፈሩ ውሾች ሁሉ ነው።


መልስ፦ የአንኮበር ልጅ

አውቶቡሱን ተወው። መንገዱ ላይ በግ የሚጭን አይሱዙ ሹፌር ጠይቅ፤ ከበጎች ጋር የኖረ ውሻ ስለሆነ አያስቸግርም። አፉን ግን በሰፊ ጨርቅ እሰረው። አሳዳጊውን የማይነክስ ውሻ እንኳ ሲያመው ሊነክስ ይችላል። ከነከሰ ደግሞ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ።


መልስ፦ እናት (ሸዋ ሮቢት)

አመሰግናለሁ ልጄ። ልጄ አዲስ አበባ ስለሚሠራ ቢሾፍቱ እንዲወስዳት ነግሬዋለሁ። ዶክተር፣ ከመቆረጧ በፊት ምግብ ትከለከላለች?


መልስ፦ የከብት ሐኪም (ደብረ ብርሃን)

አዎ እትዬ፣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ አይስጧት፤ ውኃ ግን ትጠጣ። ትክክለኛውን ሰዓት እነሱ ይነግሩዎታል።

በግ አርቢው፣ አንድ ነገር ቀረ። የመድኃኒቱ መጠን በክብደቱ ነው የሚሰላው። እህል ቤት ሂድና ሚዛን ላይ መጀመሪያ አንተ ቁም፣ ከዚያ መቻልን ታቅፈህ ቁም። ልዩነቱን ጻፍልኝና መድኃኒቱ መኖሩን ጠይቄ እነግርሃለሁ፤ ሳላረጋግጥልህ መንገድ አትጀምር።